ካትሪናና እንዳይለካ የተባለው አየር

ወገኖች፣ እስኪ የካትሪናን ተጎታች ቤቶች እናስታውስ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። በ2005 አውሎ ነፋሱ ኒው ኦርሊንስንና አካባቢዋን ሲያወድም፣ የመንግሥቱ የአደጋ መሥሪያ ቤት ፌማ ቤት ላጡት ከ100 ሺህ በላይ ተጎታች ቤት አደለ። ብዙም ሳይቆይ የሰዉ ዓይን ይቃጠል፣ አፍንጫው ይደማ ጀመር። ለመሐንዲስ እንቆቅልሽ አይደለም፤ የቺፑዱ ሙጫ ፎርማልዲሃይድ አለበት፣ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ ይተናል። ሉዊዚያና በሰመር ደግሞ ሁለቱም ሞልቷታል።

በ2006 ሴራ ክለብ የተባለው ማኅበር በራሱ ለካ፤ አብዛኞቹ ከልክ በላይ ሆነው ተገኙ። ፌማስ? እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። በ2007 ኮንግረስ ባወጣቸው ኢሜይሎች ላይ የመሥሪያ ቤቱ ጠበቆች ሰው የሚኖርበትን ቤት እንዳትለኩ ሲሉ ይታያል። ውጤቱ ከታወቀ መፍትሔ የመስጠት ግዴታ ይመጣላ!

በመጨረሻ ሲዲሲ 519 ቤቶችን ለካ። አማካዩ ከቢሊዮን 77 እጅ፣ የባሰበት 590። ያውም ትነቱ በሚቀንስበት በዲሴምበርና በጃንዋሪ ብርድ፣ ሰዉ ሁለት ሰመር ሙሉ ሲተነፍሰው ከከረመ በኋላ።

ቤቶቹ ኋላ «ለመኖሪያ አይሆንም» የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸው በጨረታ ተሸጡ። በ2010 ባሕሩ ላይ ነዳጅ ሲፈስ፣ ለጽዳት ከመጡት ሠራተኞች አንዳንዶቹ እዚያው ውስጥ ያድሩ ነበር።