ከኖራ እስከ ሲሚንቶ፦ የሞጣ ግንባታና የጭነት ዋጋ

ከሞጣ ወደ ዓባይ ሸለቆ የወረደ ሰው ሰባራ ድልድይን ያገኛል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት ይህ ድልድይ ጎጃምን ከበጌምድር ያገናኝ ነበር። የታነጸው በድንጋይና በኖራ ነው። የኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን እንደጻፉት፣ የኖራን ድንጋይ ለይቶ ያሳየው በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ ከሕንድ የመጣ ሰው ነበር።

ኖራ ግን ውድ ነገር ነው። ድንጋዩ ይፈለጋል፣ ማገዶ ይከመራል፣ ይቃጠላል፣ በውኃ ይበጠበጣል፣ ከዚያም ገደሉን ይወርዳል። በዘመኑ ኖራ እንቁላልም ይገባበት ነበር የሚሉ አሉ። እንቁላሉ ቢቀር እንኳ ማገዶውና ጉልበቱ ብቻ የንጉሥ አቅም ይጠይቃል።

በጣሊያን ወረራ ዘመን የድልድዩ መካከል ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ለስድሳ ዓመት ግድም መንገደኛው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ወዲያና ወዲህ በቆሙ ወንዶች እየተጎተተ ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ2001 ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ የግንባታ ባለሙያ ፎቶውን በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ አየ፤ በዓመቱ ክፍተቱ በብረት ተሞላ። ዕቃውን ቁልቁል ያወረዱት አህዮች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 ጎርፍ ብረቱን ወሰደው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ተንጠልጣይ ድልድይ ተተካ።

ሲሚንቶ ወደ አገሩ ሲገባ ኖራን ከገበያ አወጣው፤ የጭነቱን ጣጣ ግን አላስቀረም። የመጀመሪያው ፋብሪካ በጣሊያን ዘመን ድሬዳዋ ተተከለ፤ ሙገር እ.ኤ.አ. በ1984 ሥራ ጀመረ፤ ደርባ ኋላ መጣ። ከሙገርም ሆነ ከደርባ የተነሳ መኪና ሞጣ ለመድረስ የዓባይን በረሃ ወርዶ ይወጣል፤ ከደጀን በኋላም የቢቸና መንገድ ይጠብቀዋል።

ዛሬ ሞጣ ውስጥ የግቢውን መግቢያ ኮንክሪት ማስሞላት የፈለገ ሰው ይህንኑ የጭነት ዋጋ ይከፍላል። 30 ካሬ ሜትር በ10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት 3 ሜትር ኩብ ነው፤ ለጠንካራ ኮንክሪት ከ10 ኩንታል በላይ ሲሚንቶ ይበላል። ከባድ መኪና የሚገባበት ከሆነና ውፍረቱ 15 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ሲሚንቶው በግማሽ ይጨምራል። አሸዋ፣ ጠጠር፣ ፌሮና የቀን ሠራተኛ ገና አልተቆጠሩም። መሬቱ መረሬ ከሆነ ደግሞ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ተቆፍሮ ወጥቶ ገረጋንቲ ካልተሞላ ኮንክሪቱ አብሮ ይሰነጠቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ለላዩ ገንዘብ ያወጣል፣ ለሥሩ ይሰስታል።

ስለዚህ ከግንበኛ ጋር የሚዋዋል ሰው የኩንታሉን ዋጋ ብቻ አይጠይቅ፤ ግቢው ድረስ ስንት እንደሚደርስ፣ ቁፋሮውና ሙሌቱም በማን ሒሳብ እንደሚሠራ በጽሑፍ ያስይዝ።