የአዲስ አበባ ጓዳ፦ ከአቃቂ ባቡር ጣቢያ እስከ ገላን ኮንዶሚኒየም

ማንኛውም ቤት ሳሎን አለው፣ ጓዳ አለው። እንግዳ የሚያየው ሳሎኑን ነው። ምጣዱ፣ እንስራው፣ ጆንያው፣ ለዐይን የማይመቸው ነገር ሁሉ ጓዳ ይገባል። ቤቱ የሚኖረው ግን ከጓዳው በሚወጣው ነው። አዲስ አበባም ጓዳ አላት፤ አቃቂ ቃሊቲ ይባላል። ከመቶ ዓመት በላይ ከተማዋ የምትፈልገው ሸቀጥ፣ መብራትና ውኃ በዚህ በኩል ገብቷል። ማየት የማትፈልገው ነገርም የተጣለው እዚሁ ነው። ዛሬ ደግሞ ገላንን የመሳሰሉ የኮንዶሚኒየም መንደሮች ተገንብተው፣ ዕጣ የወጣለትም ተከራዩም ገብቶባቸዋል። ቁልፉን የተረከበ ሁሉ የብሎክና የቤት ቁጥሩን ያውቃል። የሰፈሩን ታሪክ ግን ማንም አብሮ አልሰጠውም።

ነገሩ የሚጀምረው ከመሬቱ አቀማመጥ ነው። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ አቃቂ 2,100 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ከተማዋ ላይ የፈሰሰ ሁሉ ወደ አቃቂ ይወርዳል። ትልቁ አቃቂ በምሥራቅ፣ ትንሹ አቃቂ በምዕራብ አድርገው ከተማዋን ያቋርጡና ከታች አባ ሳሙኤል ሐይቅ ላይ ይገናኛሉ፤ ከዚያ ወደ አዋሽ ይገባሉ። አዋሽ ደግሞ ባሕር የሚባል አያውቅም። የአፋርን በረሃ አቋርጦ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። አዲስ አበባ ወንዝ ውስጥ የምትጥለው ነገር ባሕር የሚወስድላት አይደለም፤ መንገድ ላይ ያሉት ሰዎች፣ ከብቶችና ማሳዎች ናቸው የሚቀበሉት።

ሜዳው መረሬ ነው፤ በክረምት ጫማ የሚያስቀር፣ በበጋ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር። ጤፉንና ሽምብራውን የሚያውቁት ያውቁታል። በዚያ አፈር ላይ ፎቅ ያቆመ መሐንዲስም ያውቀዋል። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ከኮንዶሚኒየሙ ላይኛ ፎቅ ወደ ምሥራቅ የየረር ተራራ፣ ወደ ደቡብ ደግሞ ዝቋላ ይታያል። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ያለበት ዝቋላ በጥቅምት 5 እና በመጋቢት 5 ምእመናን የሚጎርፉበት ተራራ ነው። ለጉብኝት ብዙ ብር ማውጣት ለማይችል የአዲስ አበባ ሰው ከዚህ የተሻለ ዕይታ በነጻ የሚሰጥ ሰፈር ጥቂት ነው።

ገላን የሚለው ስም ከባቡሩም፣ ከፋብሪካውም፣ ከራሷ ከአዲስ አበባም ይቀድማል። ገላን ከቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች አንዱ ነው፤ በሸዋ ምድር እንደ አቢቹ፣ ኦቦራና በቾ ሁሉ የሰው ስም የአገር ስም ሆኖ ቀርቷል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ይህ ሜዳ ባለቤትና ስም ያለው የእርሻና የግጦሽ አገር ነበር። ይህ መነገር ያለበት፣ «ባዶ መሬት ላይ የተሠራ መንደር» የሚለው አነጋገር ዛሬም ከብዙ አፍ ስለሚወጣ ነው።

አቃቂን ከተማ ያደረጋት ግን ባቡሩ ነው። የፈረንሳዩ ኩባንያ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ በገንዘብና በፖለቲካ ጭቅጭቅ ለዓመታት ቆመ። እንደገና ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1915 አቃቂ ደረሰ። ከዋና ከተማዋ የቀረው 23 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር። ያችን 23 ኪሎ ሜትር ለመጨረስ ሁለት ዓመት ፈጀ። ለባቡሩ ፈቃድ የሰጡት ዳግማዊ ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ስላረፉ አቃቂ መድረሱን እንኳ አላዩም። ባቡሩ አቃቂ ሲቆም ሥልጣኑ በልጅ ኢያሱ እጅ ነበር። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ልጅ ኢያሱ ወርደው፣ የሰገሌ ጦርነት ተደርጎ፣ ንግሥት ዘውዲቱ ዘውድ ጭነው ነበር። አገሪቱ ንጉሥ እስክትለውጥ ድረስ የሐዲዱ ጫፍ እዚህ ሜዳ ላይ ሲጠብቅ ቆየ ማለት ነው። ከጅቡቲ የመጣ ዕቃ እዚህ ወርዶ የቀረውን ዳገት በእንስሳት ጀርባና በጋሪ ይወጣ ነበር። የገበያ ከተማ የሚወለደው እንዲህ ካለ መቆም ነው።

ልብ በሉ፣ ይህ ነገር ልክ በመቶ ዓመቱ ተገልብጦ ተደግሟል። እ.ኤ.አ. በ2015 የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሥራ ሲጀምር የሰሜን ደቡብ መስመሩ ከምኒልክ አደባባይ ተነሥቶ ቃሊቲ ላይ ቆመ። የፊተኛው ባቡር አቃቂ ደርሶ አዲስ አበባ መግባት አቃተው፤ የኋለኛው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አቃቂ መድረስ አቃተው። በመሀሉ የቀረውን መንገድ የሚሸፍነው እስከ ዛሬ ታክሲና አውቶቡስ ነው። የገላን ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ጠዋት ሰልፍ ላይ ሲቆም የሚከፍለው የዚህን ጉድለት ሒሳብ ነው።

ከባቡሩ ቀጥሎ መብራቱ መጣ። በ1930ዎቹ የተሠራው የአባ ሳሙኤል ግድብ የአገሪቱ የመጀመሪያ የውኃ ኃይል ማመንጫ ነው፤ አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት። ዛሬ ለሚሰማው ሰው ሳቅ ያስመጣ ይሆናል። ሕዳሴው 5,150 ሜጋ ዋት ነው፣ ወደ 780 እጥፍ። ነገር ግን የሕዳሴው ታሪክ ሲጻፍ የመጀመሪያው ገጽ አባ ሳሙኤል ላይ መከፈት አለበት። ቆቃ በአዋሽ ላይ በ1952 ዓ.ም. ሲመጣ አባ ሳሙኤል አነሰ፤ በኋላም ጭራሽ ቆመ። ለአሥርተ ዓመታት ከቆየ በኋላ በቻይና ድጋፍ ታድሶ ወደ ሥራ ተመለሰ። ሐይቁን ግን ያደሰው የለም። ከላይ በወረደው ደለል ተሞልቷል፤ በወረደው ፍሳሽ የሚወፍረው እምቦጭ ሸፍኖታል። እምቦጭን በጣና ያወቀ ሁሉ አባ ሳሙኤል ላይ ከዚያ በፊት እንደነበር አይሰማም። እንዲያም ሆኖ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ወፎች በበጋ የሐይቁን ዳርቻና የአቃቂን ረግረግ አልተዉትም። ሌላ አገር ቢሆን መግቢያ የሚያስከፍል ቦታ ነው።

ባቡርና መብራት ባለበት ፋብሪካ ይመጣል። በ1950ዎቹ የሕንዱ የቢርላ ቤተሰብ ገንዘብ ያለበት የኢንዶ ኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅ አቃቂ ላይ ተተከለ። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ወረሰው። በደርግ ዘመን የመለዋወጫና የእጅ መሣሪያ ፋብሪካዎች ተጨመሩ፤ የመለዋወጫው ፋብሪካ በኋላ በሜቴክ ሥር ገባ። በአንድ ትውልድ ውስጥ የአቃቂ ልጅ ማለት የፋብሪካ ልጅ ማለት ሆኖ ነበር፤ ከየብሔረሰቡ መጥቶ በአንድ ፈረቃ ገብቶ በአንድ ፈረቃ የሚወጣ ሠራተኛ ያሳደገው። የኢትዮጵያ ወዛደር ታሪክ ሲጻፍ ስለ ተማሪው ብዙ፣ ስለ አቃቂ ጥቂት መጻፉ የሚገርም ነው።

ጓዳ የሚያስቀምጠው እህል ብቻ አይደለም፤ የሚደበቀውንም ነው። መሀል ከተማ የነበረው «ዓለም በቃኝ» እስር ቤት ተዘግቶ ሲፈርስ ቦታው ለአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት ተሰጠ፤ ረጅሙ ሕንፃም በ2004 ዓ.ም. ተመረቀ። እስረኞቹ ቃሊቲ ወረዱ። ከምርጫ 97 በኋላ የቅንጅት መሪዎች የታሰሩትም እዚያው ነው። ከዚያ ወዲህ «ቃሊቲ» የሰፈር ስም መሆኑ ቀርቶ የእስር ሌላ ስሙ ሆነ። ቃሊቲ ተወልዶ ያደገ ሰው «ከየት ነህ?» ሲባል ከመልሱ በኋላ የሚመጣውን ቀልድ ስንቴ እንደሰማው ይቁጠረው።

ከዚያ ኮንዶሚኒየሙ መጣ። የ97 ተመዝጋቢ፣ የ2005 ተመዝጋቢ፣ 20/80፣ 10/90 እየተባለ መሀል ከተማ ቤት ያጣው ሁሉ ዕጣው ወደ ዳር አወጣው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከካዛንቺስ በኮሪደር ልማት የተነሡት ሰዎች ገላን ጉራ ገቡ። እነዚህ እንደ ቀድሞዎቹ በዕጣ ደስታ የመጡ አይደሉም፤ ዕድራቸውን፣ ደንበኛቸውን፣ ልጆቻቸው በእግር የሚሄዱበትን ትምህርት ቤት ትተው የመጡ ናቸው። በሌላ ወገን፣ ለእነዚህ ሁሉ ግንባታዎች መሬቱን በካሬ ሜትር ካሳ የለቀቀው ገበሬ አለ። በ2008 ዓ.ም. ማስተር ፕላኑን ያስቀረው ቁጣ የዚህ ዓይነቱ ገበሬ ጥያቄ ነበረበት። ሁለቱ ተፈናቃዮች በአንድ ሜዳ ላይ ጎረቤት ሆነዋል፣ አንዱ የሌላውን ታሪክ ሳያውቅ።

ስሙም ተከፍሏል። ነሐሴ 2014 አዲስ አበባና ኦሮሚያ ወሰናቸውን ሲስማሙ ቱሉ ዲምቱ ወደ አዲስ አበባ፣ ኮዬ ፈጬ ወደ ኦሮሚያ ሄደ። በ2015 ዓ.ም. የገላን ከተማ ከሸገር ከተማ ክፍለ ከተሞች አንዱ ሆነ። ገላን ኮንዶሚኒየም ግን በአዲስ አበባ አቃቂ ቃሊቲ ሥር ነው። «ገላን ነው የምኖረው» ያለ ሰው መታወቂያው ከሁለቱ አስተዳደሮች ከየትኛው እንደሆነ ተጨማሪ ጥያቄ ያስፈልገዋል።

ሁለቱ አስተዳደሮች ሊከፍሉት ያልቻሉት ውኃውን ነው። ከገፈርሳና ከለገዳዲ ግድቦች ጎን፣ አዲስ አበባ የምትጠጣው ትልቅ ድርሻ ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ተስቦ ዳገቱን ይወጣል። ያው ውኃ ታጥቦበት፣ ተነክሮበት፣ ከፋብሪካ ኬሚካል ተቀላቅሎ በወንዙ ይመለሳል። ቃሊቲ ላይ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ የሚያጣራ የፍሳሽ ማጣሪያ ተገንብቷል፤ ጥሩ ሥራ ነው። ነገር ግን አብዛኛው የከተማዋ ቤት ከፍሳሽ መስመር ጋር ስላልተገናኘ ወንዙ ድርሻውን መቀበሉን አላቆመም። በተለያዩ ዓመታት የተደረጉ ጥናቶች በአቃቂ ውኃ በሚለሙ አትክልቶች ላይ ክሮሚየምና እርሳስን የመሰሉ ብረቶች አግኝተዋል። ገበሬውን መውቀስ ቀላል ነው፤ ግን ሌላ ወንዝ የለውም። ቆስጣው፣ ሰላጣውና ጎመኑ ጠዋት ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ በጆንያ ታስሮ ዳገቱን ይወጣና መሀል ከተማ ገበያ ይደርሳል፤ ከዚያ ሳሎን ይቀርባል።