የቤንሻንጉል ወርቅና ቅርጹን የሚለውጠው አስኳል

የግብጹ ገዥ መሐመድ አሊ 70 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ እ.ኤ.አ. በ1838 መጨረሻ ዓባይን ሽቅብ ተከትሎ እስከ ፋዞግሊ ዘለቀ። የሳበው በቤንሻንጉል አለ የተባለው ወርቅ ነበር። ልጁ ኢስማኤል በ1820ዎቹ መጀመሪያ ጦር እየመራ የመጣውም ለዚሁ ወርቅና ለባሪያ ነው። ሽማግሌው ግን የተወራለትን ያህል አላገኘም። ኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1898 የራስ መኰንን ጦር አካባቢውን ለዳግማዊ ምኒልክ ካስገበረ ወዲህ፣ የአሶሳው ሼህ ኾጀሌ አልሐሰን ግብራቸውን በወርቅ ይከፍሉ ነበር።

ዛሬም በኩርሙክና በመንጌ አፈሩ በገበታ ይታጠባል። ቀላሉ አሸዋ ከውኃው ጋር ይሄዳል፤ ከባዱ ጥቁር አሸዋ ከታች ይቀራል፤ ቢጫዋ ቅንጣት የምትታየው ከዚያ ውስጥ ነው። የዚህች ቅንጣት ክብደት ከሞላ ጎደል የተከማቸው በአቶሞቿ አስኳል ነው።

አስኳል መኖሩ የታወቀውም በወርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 ማንቸስተር ውስጥ ጋይገርና ማርስደን የአልፋ ቅንጣቶችን በስስ የወርቅ ቅጠል ላይ ለቀቁ። አብዛኞቹ አልፈው ሄዱ፣ ጥቂቶቹ ወደ ኋላ ተመለሱ። ራዘርፎርድ በ1911 ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ በአቶሙ መካከል እጅግ ትንሽና ከባድ ነገር አለ አለ። ያ ነገር ሁልጊዜ ክብ አለመሆኑን ያስረዱት ኦገ ቦር፣ ቤን ሞተልሰንና ጄምስ ሬይንወተር በ1975 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

ነገሩን ያጦዘው ግን ባዜቃ ነው፤ በብዙ አገር ወርቅ ፈላጊዎች የወርቅ ቅንጣትን ለመያዝ የሚጠቀሙበት፣ ገበያው ሜርኩሪ የሚለው መርዝ። ወርቅ 79 ፕሮቶን አለው፣ ባዜቃ 80፤ ጎረቤታሞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1972 ጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል በሰርን፣ የኤርንስት ኦተን ቡድን ኒውትሮን የጎደላቸውን የባዜቃ አይሶቶፖች፣ ማለትም በኒውትሮን ብዛት ብቻ የሚለያዩ የባዜቃ ዓይነቶችን፣ ለካ። አቶሙ የሚውጠው ብርሃን እንደ አስኳሉ ስፋት በጥቂቱ ስለሚለዋወጥ፣ ከብርሃኑ ስፋቱን ማንበብ ይቻላል። ባዜቃ 187 (ቁጥሩ የፕሮቶንና የኒውትሮን ድምር ነው) እንደተጠበቀው ነበር፤ 185 ላይ ግን ስፋቱ በድንገት ዘለለ። አስኳሉ እንደ እንቁላል ተለጥጧል ማለት ነው። ኋላ በተደረጉ ልኬቶች 184 ወደ ክብነት ተመልሶ ተገኘ፤ 183 ተለጠጠ፤ 182 እንደገና ተሰበሰበ!

ምክንያቱ ሁለቱ ቅርጾች በኃይል መጠን እጅግ መቀራረባቸው ነው። በአንድ አስኳል ውስጥ ጎን ለጎን ሊገኙ ይችላሉ፤ የአንድ ኒውትሮን መጉደል ብቻ የትኛው እንደሚያሸንፍ ይወስናል። ወርቅም በ1987 እንዲሁ አስደነቀ፤ ከ187 ወደ 186 ሲወረድ አስኳሉ ባንዴ ተለጠጠ። በ2000 ደግሞ በእርሳስ 186 ውስጥ ሦስት ቅርጾች፣ ክቡ፣ የተለጠጠውና የተዳመጠው፣ አብረው ተገኙ። የባዜቃው መወዛወዝ 181 ላይ እንደሚያበቃ የታወቀው በ2018 ነው።

እነዚህ ቀላል አይሶቶፖች ዕድሜያቸው አጭር ስለሆነ ከአፈር አይታጠቡም። በተፈጥሮ የሚገኘው የጸና ወርቅ አንድ ብቻ ነው፤ 118 ኒውትሮን ያለው ወርቅ 197። ያም ሆኖ በትምህርት ቤት ሥዕል አስኳል ዛሬም እንደ ድብልብል ኳስ ይሣላል። የአሶሳ የፊዚክስ መምህራን ይህን ሥዕል ሲያርሙ፣ ተማሪው ከሚያውቀው ከወርቅ ቢጀምሩ መልካም ነው።