ከጋፋት እቶን እስከ መልቲሜትር፦ የኤሌክትሪክ ልኬት ታሪክና የደጋው ምድር

ከደብረ ታቦር ከተማ አጠገብ በምትገኘው በጋፋት፣ በ1850ዎቹ ዓ.ም.፣ ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮጳውያን የእጅ ባለሙያዎችንና ኢትዮጵያውያን ሠራተኞችን አሰባስበው መድፍ ያሠሩ ነበር። ከዚያ ሥራ ሁሉ ይበልጥ ስሙ የገነነው ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ይህን መድፍ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት ሲያስጎትቱት፣ ጉዞው ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. ፈጅቷል።

ማዕድን አቅላጭ ሥራውን የሚቈጣጠረው በዐይኑና በጆሮው ነው። የእቶኑን ሙቀት ከእሳቱ ቀለም ይገምታል፤ የቀዘቀዘውንም ዕቃ በመዶሻ መትቶ ስንጥቅ መኖር አለመኖሩን ከድምፁ ይለያል። የኤሌክትሪክ ባለሙያ ግን ይህ ዕድል የለውም። ኮረንቲ ያለበት ሽቦና የሌለበት ሽቦ ለዐይን አንድ ናቸው፤ ልዩነታቸው የሚታወቀው በእጅ ሲነኩ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ዕውቀቱ የሚገኘው በሕይወት ዋጋ ነው። የልኬት መሣሪያ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ችግር ነው።

የዴንማርኩ ሊቅ ኧርስተድ እ.ኤ.አ. በ1820 ኮረንቲ የሚያልፍበት ሽቦ የኮምፓስን መርፌ እንደሚያዞር አሳየ። ከዚህ ግኝት የተወለደው ጋልቫኖሜትር ለቴሌግራፍ ባለሙያዎች ዋና መሣሪያ ሆነ። ሴባስቶፖል ወደ መቅደላ በሚጎተትበት ወራት፣ ከዙላ የባሕር ዳርቻ የተነሣው የእንግሊዝ ጦር የቴሌግራፍ ሽቦ እየዘረጋ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር። እንግዲህ በአንድ ዘመን፣ በዐይን የሚመረመረው ናስና በዐይን የማይመረመረው ኮረንቲ በአንድ አገር ተገናኙ።

መልቲሜትርም የተገኘው ከዚሁ የመገናኛ ሙያ ነው። በእንግሊዝ ፖስታ ቤት የቴሌኮሙኒኬሽን መሐንዲስ የነበረው ዶናልድ ማካዲ፣ ለአምፔር፣ ለቮልትና ለኦም የተለያየ መለኪያ መሸከም ስላሰለቸው ሦስቱን በአንድ ሣጥን አዋሐደ። መሣሪያው ከሦስቱ ስሞች የመጀመሪያ ፊደላት አቮሜትር ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1923 ለገበያ ቀረበ።

በዓባይ ፏፏቴ አጠገብ የተሠራው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ ሲጀምር፣ የኤሌክትሪክ ሙያ በጣና ዙሪያ ሥር ሰደደ። ዛሬ በደቡብ ጎንደር ከተሞችም መልቲሜትር የዘወትር መሣሪያ ሆኗል። ሆኖም የማካዲ ጥበብ ጥቅሙንና አደጋውን ባንድነት ይዞ መጥቷል፤ ይኸውም ሦስት ፈጽሞ የተለያዩ ተግባራት በአንድ መምረጫ ቁልፍ ሥር መሰብሰባቸው ነው።

ቮልት ሲለካ የመሣሪያው የውስጥ ተቃውሞ እጅግ ከፍተኛ ነው፤ ስለዚህ በሁለት ነጥቦች መካከል ቢገናኝ የሚያልፍበት ኮረንቲ ኢምንት ነው። አምፔር ሲለካ ግን ተቃውሞው ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ መሣሪያውም የወረዳው አካል ሆኖ በተከታታይ መግባት አለበት። የመለኪያው ሽቦ በአምፔር ቀዳዳ እንደ ተሰካ ባለ 220 ቮልት ሶኬት ቢነካ፣ መልቲሜትሩ ወዲያውኑ አጭር ዙር ይሆናል። በዚያች ቅጽበት ባለሙያውን የሚያድነው ትክክለኛው ፊውዝ ብቻ ነው፤ ፊውዙን በተራ ሽቦ የተካ ሰው ይህንን መጠበቂያ አጥፍቷል። ኦም የሚለካው ደግሞ ኃይል በተቋረጠበትና ካፓሲተሩ ባዶ በሆነበት ወረዳ ላይ ብቻ ነው።

ሽቦው ኃይል እንደሌለው ለማረጋገጥም አንድ ንባብ አይበቃም፤ ዜሮ የሚያሳየው ሽቦው ሞቶ ወይም መሣሪያው ተበላሽቶ ሊሆን ይችላልና። መሣሪያው በመጀመሪያ ኃይል እንዳለው በታወቀ ምንጭ ይፈተናል፤ ቀጥሎ በሚሠራበት ሽቦ፤ በመጨረሻም እንደገና በታወቀው ምንጭ። ባለ 15,000 ቮልት መስመር ግን ፈጽሞ የእጅ መልቲሜትር ቦታ አይደለም።

ለደጋው ባለሙያ ከዚህ ሌላ አንድ ጉዳይ አለ። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን ያወጣው 61010 የተባለው ደረጃ፣ መሣሪያው የሚሠራበትን መደበኛ ሁኔታ እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ አድርጎ ይወስናል። አየሩ በሳሳ ቁጥር ኮረንቲን የመከልከል አቅሙ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ደረጃው ከ2,000 እስከ 3,000 ሜትር ድረስ በመሣሪያው ውስጥ ያለው የአየር ክፍተት በ1.14 እንዲባዛ ያዛል። በፎገራ ሜዳ ይህ ጥያቄ አይነሣም። ያው መሣሪያ ከ2,600 ሜትር በላይ ወደምትገኘው ወደ ደብረ ታቦር ሲወጣ ግን፣ መመሪያው እስከ 2,000 ሜትር ብቻ የሚል ከሆነ፣ በፊቱ የተጻፈው ከፍተኛ ቮልት በሙሉ ሊታመን አይገባም። ወደ ጉና ተራራ በተጠጉ ቁጥርም ልዩነቱ ይሰፋል።

አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ ይላል አባባሉ። ለደጋው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ከአሥሩ የመጀመሪያው፣ መለኪያው ራሱ ለቆመበት ምድር የተሠራ መሆኑን መመርመር ነው።