የመታጠቢያ ቤት ግድግዳና የፎቶግራፍ ሕግ

ወደ ሰው ቤት የሚመጣ እንግዳ ከደጃፍ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ድምፁን ሳያሰማ አይገባም። ይህ ልማድ ባለቤቱ ሳይዘጋጅ እንዳይታይ የሚጠብቅ ያልተጻፈ ሕግ ነው። ቀድሞ ሀገረ ሕይወት ትባል በነበረችው በአምቦ ግን ፍል ውሃው የጉደሩንም የጊንጪውንም መንገደኛ ይስባል። እንግዳ ከእንግዳ ጋር ልብሱን በሚያወልቅበት በዚህ ስፍራ ጥበቃው ለግድግዳና ለተጻፈ ሕግ ተላልፏል።

የተጻፈው ሕግ ታሪክ ከካሜራ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1858 ራሼል የተባለችው የፈረንሳይ መድረክ ስመ ጥር ተዋናይት ስታርፍ፣ አስከሬኗ በአልጋዋ ላይ ሳለ ከተነሣ ፎቶግራፍ የተቀዳ ሥዕል ለሽያጭ ቀረበ። እኅቷ ከሰሰች፤ የፓሪስ ፍርድ ቤትም ያለ ቤተሰብ ፈቃድ እንዲህ ያለውን ምስል ለሕዝብ ማውጣት ክልክል መሆኑን ወሰነ።

የኢትዮጵያን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቀው ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው ይህ ሕግ በአንቀጽ 13 መኖሪያ ቤት እንዳይደፈር፣ በአንቀጽ 27 ደግሞ የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ፊት እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ደነገገ። ይኸውም የፎቶ ቤት መስተዋትን ለሚያውቅ ዘመን የሚበቃ ነበር።

ይሁን እንጂ አንቀጽ 27 የሚደርሰው ምስሉ ከወጣ በኋላ ነው፤ በስንጥቅ አሾልኮ ማየትንና በስውር ማንሳትን በስም አይጠራም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን አስከበረ። በ2008 ዓ.ም. የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ክብርን የሚያጎድፍ ምስል ማሰራጨትን በቅጣት ከለከለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ተከተለ። እንግሊዝ ግን እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው ሕግ፣ ለወሲብ እርካታ ሲባል ሰውን በስውር ማየቱን ራሱን ወንጀል አድርጋለች።

ሕግ የሚደርሰው ከጥፋት በኋላ ሲሆን፣ ግድግዳ ግን አስቀድሞ ይቆማል። የመታጠቢያ ክፍል እንፋሎት መውጫ ይሻል፤ መውጫው በዓይን ትክክል ከተከፈተ ግን የተመልካች መስኮት ይሆናል። እርጥበት የሚያጣምመው የእንጨት በርም ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። ስለዚህ መካከለኛውን ግድግዳ እስከ ጣሪያ ማድረስ፣ አየር ማስወጫውን ከቁመት በላይ ከፍ ማድረግና በሩን በየጊዜው መመርመር የመሐንዲሱ ድርሻ ነው። ታጣቢው ከሳሽ ለመሆን የሚገደደው ይህ ድርሻ ሲጓደል ነውና።