ሐዲድ ዳር የቆመው ቁጥር

ቄራ ታክሲ ተራ ላይ ረዳቱ «ለገሃር! ለገሃር!» እያለ ሲጣራ ፈረንሳይኛ እየተናገረ መሆኑን ልብ አይለውም። ቃሉ «ላ ጋር»፣ ማለትም «ባቡር ጣቢያው» ነው። አሮጌው ባቡር ከቆመ ዓመታት አልፈዋል፤ ስሙ ግን አልሞተም። ሐዲድ ዳር ቆመው ነጂውን «እዚህ ጋ ቀስ በል» ይሉት የነበሩ ምልክቶች ግን ይህ ዕድል አልገጠማቸውም።

ሞዴል ባቡር የሚሠሩ ሰዎች ለአንዲት የፍጥነት ምልክት ብዙ ይደክማሉ። የቁጥሩ ቅርጽ፣ ቀለሙ፣ የምሰሶው ቁመት ከዘመኑ ጋር ካልገጠመ አይተክሏትም። የልጅ ጨዋታ ነው የሚል ይኖራል። የእኛን ባቡር ታሪክ የሚያውቅ ግን እንዲህ አይልም።

ጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ አንድ ፈጣን ባቡር ገደል ላይ ወደተሠራ ጠማማ ድልድይ ሲደርስ ፍጥነቱን አልቀነሰም። ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ። ቢያንስ 428 ሰው አለቀ። በአፍሪካ የባቡር ታሪክ እጅግ ከከፉት አደጋዎች አንዱ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ፊዚክስ ነው። ባቡር ሲታጠፍ ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር በሰላም የሚታለፍ ኩርባ በ60 ሌላ ኩርባ ነው።

የእኛ መስመር ደግሞ ኩርባ የበዛበት ነበር። በ1886 ዓ.ም. ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ፤ ባቡሩ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ገባ። ከጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ተነስቶ 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነው። ጠባብ ሐዲድ ተራራን እየዞረ ለመውጣት ይመቻል፤ ግንባታውም ይረክሳል። ዋጋው በፍጥነት ይከፈላል። ስለዚህ ሐዲድ ዳር የተተከለው ቁጥር መሐንዲሱ ከመልክዓ ምድሩ ጋር የተዋዋለበት ሰነድ ነው።

ይህን መስመር በሞዴል እሠራለሁ የሚል ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «የትኛው ዘመን?» መሆን አለበት። በእንፋሎት የሚሄደው ባቡር፣ የጣሊያን ሊቶሪና፣ ኋላም የመጣው የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ክብደታቸውም አሂያሄዳቸውም ይለያያል። የአንዱን ዘመን ቁጥር ለሌላው መለጠፍ ታሪክ ማዛባት ነው።

ሁለተኛው ልኬት ነው። በተለመደው የ1 ለ87 መጠን አንድ ሜትሩ ሐዲድ 11.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። መስመሩ በሙሉ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወጣዋል፤ ከለገሃር ቃሊቲ እንደማለት ነው።

ምልክቱ ራሱ ካልተገኘ አሮጌ ፎቶ ይረዳል። የሐዲዱ ስፋት ስለሚታወቅ፣ በፎቶው ላይ በእኩል ርቀት ያለ ሰሌዳ የሐዲዱን ግማሽ ካከለ ስፋቱ 50 ሳንቲ ሜትር ነው። ቁጥሩን ግን ፎቶ ሁልጊዜ አያሳይም። እሱን የሚያውቀው የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ነው፤ አለዚያም መንገዱን በቃሉ የያዘ አሮጌ ነጂ።

አሳሳቢው እዚህ ላይ ነው። በ2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር በሰፊ ሐዲድ ተመረቀ። በ1922 ዓ.ም. የተመረቀው የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ ቅርስ ነው ስንል ማንም አይከራከርም። የዛገ ሰሌዳ ግን ቅርስ አይመስልም፤ ለቁራሌ የሚሰጥ ብረት ይመስላል። ድሬዳዋ ላይ «ሸመንደፈር» የሚባሉት የምድር ባቡር ሰዎችም እያረጁ ነው።

ሕንፃው ባቡር እንደነበረን ይነግረናል። ባቡሩ የት ቦታ መፍራት እንደነበረበት የሚነግረን ያ ቁጥር ነው። ለ428ቱ ሰዎች ሐውልት ለማቆም ገንዘብ ባይገኝ፣ የተረፉትን ምልክቶች ፎቶ ለማንሳት፣ ለመለካትና ሽማግሌዎቹን ለመጠየቅ አንድ ሜትር፣ አንድ ስልክና አንድ ደብተር ይበቃል።