ግንብና ውሃ

እኛ ከሉማሜ ተነሥተን፣ ደብረ ማርቆስንና ባሕር ዳርን አልፈን ጎንደር የገባነው ግንብ ለማየት ነበር። «ከእኛ አገር ግንብ የለ፣ ታሪክ የለ» እያልን ነው የሄድነው።

አየን። ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 በቆረቆሩት መናገሻ፣ ከእርሳቸው ቤተ መንግሥት አጠገብ የልጅ ልጃቸው የኢያሱ ግንብ ጣሪያ አልባ ቆሟል፤ እ.ኤ.አ. በ1941 የእንግሊዝ ቦምብ አግኝቶታል። ዘመንና ስም ስንጽፍ ዋልን።

ማታ ወደ ቀሃ ወንዝ ወርደን በፋሲል ስም ወደሚጠራው መዋኛ ገባን። ገንዳው ደረቅ ነው። የዛፎቹ ሥር የአጥሩን ድንጋይ ጨብጦታል፤ ይደግፈዋል ወይስ ያፈርሰዋል? ተከራከርን። በሩ ላይ ያገኘናቸው እናት ሳቁብን፤ «ምነው ልጆቼ፣ ለጥምቀት ብትመጡ! ያኔ እኮ ሙሉ ነው» አሉን።

ነገሩ የገባን ያኔ ነው። ግንቡን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል፤ ነገሥታቱ ሲሄዱ ግን ባዶ ቀርቷል። ገንዳው በየዓመቱ ጥር 11 ቀን ሕዝብ ስለሚጠመቅበት ዛሬም በሥራ ላይ ነው። ደብተራችንን ብንገልጥ የነገሥታት ስም ሞልቷል፤ ውሃውን ከወንዙ ስለሚያመጣው ሰው አንድ መስመር የለም።

ታዲያ ሉማሜ ታሪክ የላትም ያልነው እኛው ሳንጠይቅ አይደለም እንዴ?